«ያልተሟላ» ብዬ የፈረምኩ ዕለት

እስከ ሃያ አራት ዓመቴ ድረስ ለማንም «እምቢ» ብዬ አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማሳነስ አይደለም፤ አስተዳደጌ እንደዚያ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ የመምህር ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት። አባቴ ክፍል ውስጥም ቤት ውስጥም አስተማሪ ነበር። የታዘዝኩትን ስሠራ «ጎበዝ» እባላለሁ፤ «ጎበዝ» ለመባል ደግሞ የማልሆነው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስታቲስቲክስ ተማሪ አሉኝ፤ ተማርኩ። ስመረቅ አምቦ ተመድበሻል አሉኝ፤ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አምቦ ዘመድ የለኝም፣ ከአፋን ኦሮሞ አንዲት ቃል አላውቅም፤ ቢሆንም አላጉረመረምኩም።

የማወራችሁ ነገር የደረሰው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ከሰኞ ጠዋት እስከ ሐሙስ ቀትር ድረስ ብቻ ነበር የፈጀው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ግን የመራሁት በእነዚያ ቀናት ነው ብል አላጋነንኩም።

የተመደብኩት በምዕራብ ሸዋ የከብት በሽታ በሚከላከል አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አብረውኝ ከሠሩት ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከአምቦ በእጃጂ አድርጎ እስከ ባኮ ቆላ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ እስከ ወንጪ ተራራ ላሉ ገበሬዎች የከብት ክትባት የሚያደርሰው ይህ ጽሕፈት ቤት ነበር። እኔ በተመደብኩ በዓመቱ ከውጭ አገር በእርዳታ አንድ ኮምፒውተር መጣለት። ለብቻው ክፍል ተሰጠው፣ መጋረጃ ተሰፋለት፣ አቧራ እንዳይነካው ተብሎም ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ በር ላይ ጫማውን እንዲያወልቅ ታዘዘ። ኃላፊያችን ጓድ አስፋው እንኳ በካልሲ ነበር የሚገቡት። ችግሩ የሚያሠራው ሰው አለመኖሩ ነው። ሒሳብ ነክ ነገር ተምራለች ተባለና ለአራት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ላኩኝ፤ ፕሮግራም መጻፍ ተምሬ ተመለስኩ።

ካሠለጠኑን መምህራን አንዱ፣ ውጭ አገር ብዙ ዓመት ሠርቶ የመጣ ዝምተኛ ሰው፣ አንድ ቀን የነገረን ነገር ነበር። ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሲጻፍ ሳይሆን ከመጻፉ በፊት ነው አለን፤ «ይህን ሥሩልን» ተብሎ በሚሰጠው ወረቀት ላይ። እሱ በነበረበት አገር ያንኑ ወረቀት ራሱን ለኮምፒውተር አስነብበው፣ የተድበሰበሰውንና እርስ በርሱ የሚጋጨውን ለማስለቀም የሚሞክሩ ሰዎች እንዳሉም ጨመረልን። እኛ ተሳሳቅን። ገና ኮምፒውተሩን ማብራት ያስፈራን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጓድ አስፋው በካልሲያቸው ገብተው አርባ አንድ ገጽ የታይፕ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። በዚያ ዓመት የአባ ሰንጋ ክትባት ዘመቻ ሊካሄድ ነበር። አባ ሰንጋን ገጠር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት የተጠመደ በሬ ማታ ወድቆ ይገኛል፤ ሥጋውን የበላ ቤተሰብም አብሮ ይጎዳል። ከላይ በመጣ ውሳኔ የትኛው ቀበሌ መቼ እንደሚከተብ ተራውን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ እንዲሆን ተደርጓል። አርባ አንዱ ገጽ ታዲያ ፕሮግራሙ ምን ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ የሚዘረዝር ሰነድ ነበር። ያዘጋጁት ከአዲስ አበባ የዕቅድ ባለሙያው ጓድ ብዙነህ ናቸው።

ጓድ አስፋው የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው አሳዩኝ። «ሰነዱን መርምሬ የተሟላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም ተተይቦ የፊርማ መስመር ተሰምሮበታል። ሐሙስ ጓድ ብዙነህ ራሳቸው ስለሚመጡ እስከዚያ አንብቤ እንድጨርስ ነገሩኝ። የሚፈረመው በስብሰባ ላይ፣ የፓርቲ ተወካይ ባለበት ነበር።

ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት አነበብኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ወደድኩት። አማርኛው ያማረ፣ ርዕስና ንዑስ ርዕሱ በሥርዓት የተደረደረ ነበር። ስብሰባውን ሳልጠብቅ ልፈርም ብዕር ሁሉ አንስቼ ነበር። ከዚያ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የምጀምረውን ሥራ እስቲ ልሞክረው ብዬ የፕሮግራሙን የመጀመሪያ መስመሮች መጻፍ ጀመርኩ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ «ለተሽከርካሪ ምቹ የሆኑ ቀበሌዎች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል» ይላል። ቀበሌው ምቹ ከሆነ ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ምቹ መሆኑን ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል? ሰነዱን ወደፊትም ወደኋላም አገላበጥኩ፤ የለም። ሌላ ቦታ ልጀምር ብዬ ብሞክር «እንዳስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ተቀበለኝ። በሌላ ገጽ «በወቅቱ»። እንደገና በሌላ ገጽ «አግባብ ባለው አካል ይወሰናል»።

ሰነዱን ሳነብ ምንም ያልጎረበጡኝ ቃላት ናቸው። ለሰው ሲነገሩ ያምራሉ፤ ሰው በራሱ ግምት ይሞላቸዋላ። የአዲስ አበባው መምህር የተናገረው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ሰኞ ከሰዓትና ማክሰኞ ሙሉ ቀን አርባ አንዱን ገጽ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩ። ማሽናችን የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የምጽፈው። ጣቶቼ ደነዘዙ። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል፤ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ እንደገና ጻፍኩ። ረቡዕ ጠዋት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁ። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሰነዱን በየዓረፍተ ነገሩ ታነባለች። እኔ በዝርዝር ከሰጠኋት ቃላት አንዱን፣ «ምቹ»ን፣ «እንዳስፈላጊነቱ»ን፣ «ብዙ»ን፣ «በቂ»ን፣ ስታገኝ ዓረፍተ ነገሩን ከነገጹ ለይታ፣ በየቃሉ መድባ ታወጣና ጥያቄ ትጽፍበታለች፤ «ስንት?»፣ «መቼ?»፣ «በምን ይለካል?»። «ይደረጋል»፣ «ይወሰናል»፣ «ይሰረዛል» ዓይነት ባለቤት የሌለው ግሥ ስታይ ደግሞ «ማን?» ትላለች። ምንም አይገባትም። ቃል መለየት ብቻ ነው የምታውቀው።

ፕሪንተሩ መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያው መስመር ሲወጣ ብቻዬን በሣቅ ፈነዳሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአዘጋጁ ስም አለ፤ ብዙነህ። ፕሮግራሟ ከስሙ ውስጥ «ብዙ» የሚለውን አግኝታ «ስንት?» ብላ ጽፋበታለች። ላጠፋው አሰብኩና ተውኩት። ቢያንስ እንዳልተኛች ያሳያል አልኩ።

ሌላው ግን አላሳቀኝም። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ወረደ። «ምቹ» የሚለውን የያዙት ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው ወጡ። በሰነዱ ውስጥ አሥርና ሃያ ገጽ ተራርቀው የነበሩት አሁን ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ከዘጠነኛው ገጽ፦ ለተሽከርካሪ ምቹ የሆኑ ቀበሌዎች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ከሃያ ሁለተኛው፦ ምቹ ያልሆኑ ቀበሌዎች በሚመች ጊዜ ይከተባሉ። ከሠላሳ አንደኛው፦ ምቹ ባለመሆኑ እስከ ዘመቻው ማብቂያ ያልተከተበ ቀበሌ ክትባት እንደማያስፈልገው ተቆጥሮ ከመዝገብ ይሰረዛል። ከዚህኛው አጠገብ ፕሮግራሟ ሁለት ጥያቄ ጽፋለች፤ «ምቹ፦ በምን ይለካል?»፣ «ይሰረዛል፦ ማን?»።

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ሰኞ ዕለት በዓይኔ አንብቤያቸው ነበር። ለየብቻ ሲነበቡ ምንም የላቸውም። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አንድ ነገር ይናገራሉ፤ መኪና የማይደርስበት አገር ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻም እንዳልነበረ ይሆናል። የሚሰርዘው ደግሞ እኔ የምጽፈው ፕሮግራም ነው።

በዚያው ሰዓት ኦቦ ጉደታ ገቡ። ኦቦ ጉደታ የእንስሳት ጤና ረዳት ናቸው። ትውልዳቸው ወንጪ ነው፤ የክትባት ሳጥን በፈረስ ጭነው ተራራውን ሲወጡና ሲወርዱ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ኮምፒውተሩን እንደ እንግዳ ሰው ስለሚቆጥሩት ሲገቡ ለእሱም ጭምር «አካም» ብለው ሰላምታ መስጠት ልማዳቸው ነበር። የመጡት የወር ሪፖርታቸውን ሊሰጡኝ ነው። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አነበብኩላቸው።

ወንበር ስበው ተቀመጡና እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩት።

«ኩኒ ቢያ ኬኛ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ የእኛ አገር ነው፣ ልጄ። መኪና መቼ ገብቶ ያውቃል? የወንጪ ሐይቅ ዳር ላሉት ጀልባም ፈረስም ያስፈልጋል። እኔ በእግሬ የምደርስበትን ነው ይሄ ወረቀት የለም የሚለው።»

ምናልባት ጸሐፊው ሳያስቡት ይሆናል አልኳቸው። ኦቦ ጉደታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፋት ይሁን ስህተት ለበሬው ምን ለውጥ አለው ብለው ጠየቁኝ። ሲወጡ በር ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ «ነገ ትፈርሚያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። እውነትም አላውቅም ነበር።

ከሰዓት ወረቀቱን ይዤ ጓድ አስፋው ቢሮ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። ነገሩ ገብቷቸዋል። ግን ሰነዱ በሦስት ከፍተኛ መሥሪያ ቤቶች አልፎ የመጣ መሆኑን፣ እሱን ማስተካከል የእኛ ደረጃ እንዳልሆነ አስረዱኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የትናየት፣ አንቺ ልጅ ነሽ። ፈርሚ። ሲሠራ ይስተካከላል» አሉኝ።

እንደ አባት ነበር ያሉኝ። እንደ አባት ስለተናገሩኝም «እሺ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከሃያ አራት ዓመት ልማድ የመጣ «እሺ» ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን ስጽፈው ታየኝ፤ «ይሰረዛል» የምትለዋን መስመር በእጄ ስጽፋት። ሲሠራ የሚያስተካክለው ማን ነው? እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ምቹ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

«አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ። በሕይወቴ ለአለቃ የሰጠሁት የመጀመሪያው «እሺ» ያልሆነ መልስ እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስብሰባው ተጀመረ። ጠረጴዛው ዙሪያ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ጓድ አስፋው፣ ጓድ ብዙነህ፣ የፓርቲው ተወካይ፣ ሌሎች ሦስት የክፍል ኃላፊዎች። እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጥኩ። ኦቦ ጉደታ የሕክምና ባልደረቦችን ወክለው በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ጓድ ብዙነህ ስለ ዘመቻው ታላቅነትና ስለ ዘመናዊ አሠራር ለግማሽ ሰዓት ያህል ተናገሩ፤ ጨርሰውም ሰነዱን ወደ እኔ ገፉት። የመጨረሻው ገጽ ተገልጧል። ብዕሩም ከላዩ ላይ ነው።

ጥያቄ እንዳለኝ ተናገርኩ። የታተመውን ወረቀት ዘረጋሁና ምን እንዳደረግሁ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁ። ጓድ ብዙነህ ወረቀቱን ተቀብለው ሲያዩ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስማቸውን አገኙት። ፊታቸው ተለዋወጠ። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ።

«ይህ ነው ምርመራ የተባለው? የእኔን ስም ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ማሽን?»

ሁሉም ሳቁ። ጓድ አስፋውም ፈገግ አሉ። እኔም ከመሳቅ አልዳንኩም፤ የሳቅሁት ግን ከድንጋጤ ነው። ጓድ ብዙነህ ቀጠሉ፤ አማርኛ የማያውቅ ማሽን አማርኛ ሊያርም እንደማይችል፣ አንዲት ጀማሪም በከፍተኛ ባለሙያዎች የተጠና ሰነድ ላይ የመሳለቅ መብት እንደሌላት ተናገሩ። እውነታቸውን ነበር፤ ማሽኑ አማርኛ አያውቅም። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ልክ ነዎት፣ አማርኛ አያውቅም» አልኳቸው። «ችግሩም እሱ ነው። ነገ ይህን ሰነድ የሚፈጽመው ይኸው የማያውቀው ማሽን ነው። ስምዎን መሳሳቱን እኔ አርሜ እጥለዋለሁ። ‹ምቹ› የሚለውን ግን እኔም አላወቅሁትም።»

ምቹ የታወቀ ቃል ነው አሉኝ። ሁሉም ሰው ይረዳዋል።

በዚያች ቅጽበት ያደረግሁትን ነገር አስቀድሜ አላሰብኩበትም። ከታተመው ወረቀት ጫፍ ስድስት ብጣሽ ቀደድኩ። የስምንት ቀበሌዎች ስም ጮክ ብዬ ልጠራ ነው፤ እያንዳንዳችሁ ምቹ የምትሉትን ብቻ፣ ሳትነጋገሩ ጻፉልኝ አልኩ። ጓድ ብዙነህ ይህ የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ተቆጡ። እስከዚያች ደቂቃ አንዲት ቃል ያልተናገሩት የፓርቲው ተወካይ ግን ብዕራቸውን አወጡ።

«የታወቀ ቃል ከሆነ አይከብደንም፤ እንጻፍ» አሉ።

ስሞቹን ጠራሁ። ሁለቱ ከአምቦ አጠገብ፣ አንዱ ከእጃጂ መንገድ ዳር፣ ሁለቱ ባኮ ቆላ፣ ሦስቱ ወንጪ ተራራ ላይ ናቸው። ብጣሾቹን ሰብስቤ አንድ በአንድ አነበብኩ። አንዱ ሦስት ጽፏል፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ስድስት። ጓድ አስፋው አራት። የፓርቲው ተወካይ ስምንቱንም። ጓድ ብዙነህ ሁለት ብቻ፤ እነሱም ከአምቦ አጠገብ ያሉት። አንድ ዓይነት የጻፉ ሁለት ሰዎች አልተገኙም።

የባኮዎቹን ለምን እንደተዉ ጓድ ብዙነህን ጠየቅሁ። በሐምሌ ጭቃው መኪና አያስገባም አሉኝ። የባኮዎቹን የጻፉት ጓድ አስፋው ደግሞ እሳቸው ያሰቡት ጥርን እንደነበር ተናገሩ። የፓርቲው ተወካይ፣ ገበሬ የሚኖርበት ቦታ ሁሉ ለዘመቻ ምቹ መሆን አለበት ብለው እንደጻፉ ገለጹ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መከራከር ጀመሩ። ያኔ ኦቦ ጉደታ ከአግዳሚው ተነሥተው ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ።

«ለመኪና ነው ወይስ ለፈረስ? ለፈረስ ከሆነ ሁሉም ምቹ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ማንም አልሳቀም።

ነገሩ እዚህ ላይ በድል ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። ጓድ ብዙነህ ሰዓታቸውን አዩና ድምፃቸውን አለዝበው ተናገሩ። ይህ ዝርዝር ጉዳይ ነው፣ በሥራ ሂደት ይሟላል፣ ዋናው ሰነድ ዛሬ ተፈርሞ አዲስ አበባ መድረስ አለበት አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «አልፈርምም ማለት ዘመቻ ማደናቀፍ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

የዚያን ዘመን ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። «አደናቃፊ» የሚባል ቃል በስምሽ አጠገብ ከተጻፈ ወዴት እንደሚወስድሽ አታውቂም። ጓድ አስፋውን አየኋቸው፤ ጠረጴዛውን እያዩ ነበር። ደፋር ነበርኩ እንዳትሉኝ፤ ፈርቼ ነበር። ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ፤ ንዴት። አርባ አንዱን ገጽ አንድ በአንድ በጣቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ሰነድ እያንዳንዱን ቃል የነካው እኔ ብቻ ነኝ። የማውቀውን አላውቅም በይ ሊሉኝ ነው?

«እፈርማለሁ» አልኩ።

ጓድ ብዙነህ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ብዕሩን አነሣሁ። «ሰነዱን መርምሬ የተሟላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ከሚለው ላይ «የተሟላ» የምትለዋን ቃል ሰረዝኩና ከላይዋ «ያልተሟላ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ስሜን፣ ፊርማዬን፣ ቀኑን አኖርኩ። የታተመውን ወረቀት አጥፌ ከሰነዱ ጋር አያያዝኩና ወደ ጓድ ብዙነህ መልሼ ገፋሁት።

«መርምሪ ተባልኩ፤ መረመርኩ። ያገኘሁት ይህን ነው» አልኩ።

ውጭ መንገዱ ላይ የባኮ አውቶቡስ ረዳት ተሳፋሪ ሲጠራ ይሰማ ነበር። ጓድ ብዙነህ ገጹን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱት ቆዩ። ዋናው ቅጂ ነው፤ ሌላ የለም። ለብቻው ተቀዶ እንዳይወጣ ገጾቹ ሁሉ በአንድ ክር ተሰፍተው በማኅተም ተዘግተዋል። የፓርቲው ተወካይ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ብለው ተነሡ። ቀትር ሆኖ ነበር።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። የመንግሥትን ሰነድ በማበላሸትና ዲስፕሊን በማጉደል ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ አስረክቤ ወደ እጃጂ፣ ወደ ክትባት መጋዘን እንድዛወር ታዟል። መታሰር ስጠብቅ እጃጂ ደረሰኝ። አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ለአባቴ ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩት፣ እንደገና ጽፌ ቀደድኩት።

እጃጂ መንገድ ዳር የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ ነበረች። መጋዘኑ በላምባ የሚሠራ አንድ ማቀዝቀዣና ጥቂት ሳጥኖች ያሉበት ክፍል ነው። ሲቀጡኝ አንድ ነገር አላስተዋሉም፤ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ነጥቀው የክትባቱን ቁልፍ ሰጡኝ። በወሩ ኦቦ ጉደታ ከአውቶቡስ ወረዱ። አምቦ ያለው ክትባት ለዘመቻው ተብሎ ተቆልፏል፣ ዘመቻው ደግሞ ሰነዱን ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን እንደ ወትሮው የወር ድርሻቸውን ሊያወጡ መጥተዋል፤ ይህም መብታቸው ነው። ወጪ ማድረጊያው ቅጽ ላይ «የሚሄድበት ቦታ» የሚል ክፍት መስመር አለ። ሌላ ጊዜ «ለመስክ ሥራ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ የተራራውን ቀበሌዎች ስም አንድ በአንድ ሞላሁበት።

«የተከተበ ቀበሌ አይሰረዝም አይደል ሰነዱ የሚለው?» አሉኝ ሳጥናቸውን እየዘጉ።

«ያልተከተበ ነው የሚሰረዘው» አልኩ።

«እንግዲያው ያልተከተበ አያገኙም» አሉና ሄዱ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ።

ከሦስት ወር በኋላ ጓድ አስፋው ራሳቸው በላንድሮቨር እጃጂ መጡ። ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሰው አልተገኘም፤ ከአዲስ አበባ የተላከው ወጣትም ሰነዱን አይቶ እኔ የጠየቅሁትን ጥያቄ ጠይቋል። አዲስ ሰነድ ይዘው ነበር። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ምቹ» የሚለው ቃል ከነዘሩ ጠፍቷል። በምትኩ የእያንዳንዱ ቀበሌ ስም፣ በየትኛው ወር በመኪና፣ በየትኛው በፈረስ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ ተዘርዝሯል። የሠላሳ አንደኛው ገጽ ስረዛ ቀርቶ፣ በአንድ ዙር ያልተከተበ ቀበሌ በሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያው ይሆናል የሚል ገብቶበታል። ሽፋኑ ላይ ከአዘጋጁ ስም አጠገብ በቅንፍ «ስም ነው» የሚል ተጨምሯል። ጓድ ብዙነህን ያኔ ትንሽ ወደድኳቸው።

ጓድ አስፋው የመኪናውን በር ከፍተው እንድገባ ጋበዙኝ። አልገባሁም። ሃያ ስድስተኛው ገጽ ላይ አንድ «እንዳስፈላጊነቱ» ቀርቷል።

«ይቺ ማን ሲያስፈልገው ነው?» ብዬ አሳየኋቸው።

ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከኪሳቸው ብዕር አውጥተው ቃሏን ሰረዙ፣ ከጎኗም ፈረሙባት። ከዚያ በኋላ ነው መኪናው ውስጥ የገባሁት።

አባ ሰንጋ በዚያ ዓመት ተራራውን መታው፣ እኛም አዳንነው ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ባማረ ነበር። አልመታውም። ምንም አልሆነም። በሬዎቹ አረሱ፣ ላሞቹ ታለቡ። ማንም አላመሰገነኝም፤ ያልደረሰ ነገር ምስጋና የለውም። ፕሮግራሙን ጻፍኩት፣ ሠራ፣ ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ኮምፒውተሩም አረጀ።

የተለወጥኩት እኔ ነኝ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ «ጎበዝ» ለመባል ያደጋችሁ ልጆች፣ ድፍረት ከሰማይ ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። በእኔ ላይ አልወረደም። እኔን ያደፈረኝ ወረቀቱን ከሌሎቹ ይበልጥ ማንበቤ ነው። እያንዳንዱን ቃል የነካ ሰው ከወንበሩ ለመገፋት ይከብዳል። ፕሮግራሟ አልደፈረችም፣ አልገባትም፣ አንዴም ስም ተሳስታለች፤ ግን ሰው ለትሕትና ብሎ የማይጠይቀውን ጥያቄ ሳታፍር ጠየቀች። እኔ ከእሷ የተማርኩት አለማፈርን ነው። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ «ማን? መቼ? በምን ይለካል?» እያልኩ ስንቱን ስብሰባ አስረዘምኩ፣ ስንቱን አለቃ አሰለቸሁ። ዕድገት ሁለት ጊዜ አልፎኛል። ባለቤቴ እንኳ «ቶሎ እመጣለሁ» ማለት ትቶ ሰዓቱን ነው የሚነግረኝ።

ጡረታ ስወጣ የሰው ኃይል ክፍል ያለች ልጅ የግል ማኅደሬን ስታገላብጥ ያንን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አገኘችው። አዘነችልኝ። የድሮ መንግሥት ደብዳቤ ስለሆነ፣ ዛሬ ዋጋም ስለሌለው፣ ፈቃዴ ከሆነ ልታወጣልኝ እንደምትችል በደግነት ነገረችኝ።

አይሆንም አልኳት። ከላይ አድርጊው፣ መጀመሪያ እሱ ይነበብ።